ሰባተኛው መስመር

እልፍነሽ ደገፉ መላሹን ከጆሮዋ ሥር ካስተከለች ሦስት ዓመት አልፏት ነበር። ዘመኑ ሁለት ሺህ ሰባ አራት ነው። በአዳማ ከተማ ከአሥር አዋቂ ስምንቱ መላሽ ነበረው። የሌላቸው ከሰባ ዓመት በላይ የሆኑ ሽማግሌዎችና ገላቸው አልቀበልም ያለ ጥቂት ሰዎች ብቻ ነበሩ።

መላሹ ከስንዴ ፍሬ አይበልጥም። ሥራውም አንድ ነው፤ የሰው ሐሳብ ወደ ትናንት ወይም ወደ ነገ መሄድ ሲጀምር ይጠራል። «እልፍነሽ፣ የት ነሽ?» ይላል፣ የማይቆጣ፣ የማይቸኩል የሴት ድምፅ። «እዚህ ነኝ» ብላ ትመልሳለች። ከዚያ ፊት ለፊቷ ያሉትን ሦስት ነገሮች በስማቸው ትጠራለች። ሦስቱን ስትጨርስ ልቧ ይረጋል። የጀመረችው ሐሳብ የት እንደደረሰ ግን አታውቅም።

ጧት ድምፁ ይቀሰቅሳታል። ዕለቱ የሥራ ይሁን የዕረፍት ይነግራታል። የቀን መቁጠሪያ እቤቷም መሥሪያ ቤቷም ውስጥ የለም። የእርጋታ ጽሕፈት ቤት በየግድግዳው የለጠፈው ማስታወቂያ «ነገን ለእኛ ተዉት» ይላል። ሰውም ትቶታል።

ሥራዋ በአንድ የአትክልት ማቀዝቀዣ መጋዘን ውስጥ የበሰለውን ቲማቲም ካልበሰለው መለየት ነው። «ቲማቲም። ሳጥን። ጓንት።» ምሳ ሰዓት ላይ አዳራሹ ውስጥ መቶ ሰው ይቀመጣል። ወሬ አይጠፋም። የወጡ ጨው ይነሳል፣ የአዳራሹ ሙቀት ይነሳል። በመሀል አንዱ ድንገት ዝም ይልና «ማንኪያ። ውሃ። የራሴ ጉልበት» እያለ ያንሾካሹካል። አጠገቡ ያለው አንገቱን አያዞርም። ሰው ሲያስነጥስ ማን ዞሮ ያያል?

እልፍነሽ መላሹን አታማውም ነበር። ከዚያ በፊት ሁለት ዓመት ሙሉ ከቤት አልወጣችም። ጧት ዓይኗን ስትገልጥ ቀኑ እንዳለ ደረቷ ላይ ተቀምጦ ታገኘዋለች። በቅርብ የሞተባት ሰው የለም፣ የደረሰባት አደጋ የለም። እጇን አንስታ ፀጉሯን ማበጠር ከአቅሟ በላይ ሆነ፤ አስፋልት መሻገርን ማሰብ ብቻ ያስፈራታል። ያን ጊዜ መተሐራ ሸንኮራ እርሻ ላይ ትራክተር ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡት አባቷ፣ አቶ ደገፉ፣ ሻንጣቸውን ይዘው መጡና አብረዋት ተቀመጡ። በማንኪያ አበሏት። ግቢው ውስጥ ቧንቧ ሥር አስቀምጠው ፀጉሯን አጠቡላት። እጇን ይዘው መጀመሪያ ከበሩ እስከ አጥሩ፣ በሳምንቱ ደግሞ እስከ ሱቁ አስኬዷት። እየተሻላት ስትሄድ አዲስ ጭንቀት ያዛት። አባቷ ከገበያ ትንሽ ከዘገዩ መኪና ሥር ወድቀው ይታዩዋታል።

መላሹ የሚተከልላት ቀን ሲቃረብ አንድ ቅጽ እቤቷ ተላከላት። የሸክም ዝርዝር ይባላል። «የሚያስጨንቅዎን በየመስመሩ ይጻፉ፤ ጽሕፈት ቤቱ ይረከብዎታል» ይላል ራስጌው። አሥራ አንድ መስመር ጻፈች። አንደኛው መስመር ላይ «አስፋልት መሻገር»፣ ሁለተኛው ላይ «የሚያፈሰው ጣሪያ» ብላ ነበር። ሰባተኛው መስመር ላይ «አባዬ» ብላ ጻፈች።

ጽሕፈት ቤቱ የተረከበውን አይጥልም። ጣሪያው ተጠገነ። መንገዱ ላይ መሻገሪያ ድልድይ ተሠራ። በሁለተኛው ሳምንት ደግሞ ነጭ መኪና መጥቶ አቶ ደገፉን ከነሻንጣቸው ወሰዳቸው። እልፍነሽ አጥሩ በር ላይ ቆማ ሸኘቻቸው።

«መኪና» አለች። «በር። አቧራ።»

ከዚያ ቀን በኋላ ስለ አባቷ ማሰብ በጀመረች ቁጥር ድምፁ ጠራት።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አንዲት ስልሳ ዓመት የሚሆናቸው ሴት በሯን አንኳኩ። ክንዳቸው ወፍራም ነው፤ የጣቶቻቸው ቆዳ በሳሙና ተላልጧል።

«እልፍነሽ ደገፉ አንቺ ነሽ?»

«ነኝ።»

«አስካለ እባላለሁ። አባትሽ ያሉበት መጦሪያ፣ መተሐራ፣ ልብስ አጣቢ ነኝ። ታመዋል። እግራቸው አብጧል፣ ትንፋሻቸው ያጥራል። ሐኪሙ ከሳምንት አያልፉም ብሏል። ስምሽን እየጠሩ ነው።»

«እልፍነሽ፣ የት ነሽ?» አለ ድምፁ።

«እዚህ ነኝ። በር። ነጠላ። ጫማ።»

ወይዘሮ አስካለ ጠበቁ። «ሰማሽኝ?»

«ምኑን?»

ሴትዮዋ ዓይኗን ትክ ብለው አዩዋት። «አባትሽ እየሞቱ ነው።»

እልፍነሽ የበሩን ጠርዝ ያዘች። ከዚያ ድምፁ መጣ፤ በሩን፣ ነጠላውንና ጫማውን እንደገና ጠራች። ፊቷ ረጋ። እንግዳዋን በትሕትና ፈገግ ብላ አየቻቸው።

«እኔ ላይ አልያዘም» አሉ ወይዘሮ አስካለ፤ ከጆሯቸው ሥር ያለውን ጠባሳ እየነኩ። «ሁለቴ ተክለውልኝ ሁለቴ መግል ያዘ። እስቲ እጅሽን አምጪ።» ከቦርሳቸው አንሶላ ላይ ቁጥር የሚጽፉበትን እስክሪብቶ አወጡ። በግራ እጇ ጀርባ ላይ በትልልቁ ጻፉ፦ አሁን ወደ አባቴ እየሄድኩ ነው።

«ይኼ ቀለም በረኪና አይለቀውም። ሲጠራሽ ሦስት ነገር በይ ይልሻል አይደል? አንዱ እጅሽ ይሁን። እጄ በይና አንብቢው። ገባሽ?»

«እጄ» አለች እልፍነሽ፤ አነበበችውም።

ወይዘሮ አስካለ ሊጠብቋት አልቻሉም። ሳሙና ሊጭን የመጣው የመጦሪያው መኪና እየጠበቃቸው ነበር። ደጋግመው ወደ ኋላ እያዩ ሄዱ።

እሑድ ጧት እልፍነሽ አውቶቡስ ተራ ድረስ ሄደች። ብርድ ብርድ ስላላት እጆቿን ሹራቧ ኪስ ውስጥ ከታ ነበር። ድምፁ ሲጠራት «አውቶቡስ። ሰው። ሙዝ» አለች። ሙዝ ገዛች። ይዛው ወደ ቤቷ ተመለሰች። ማታ ሁለቱን በልታ እጇን ስትታጠብ ጽሑፉን አየችው፤ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። የመተሐራ አውቶቡስ አልቆ ነበር።

ሰኞ ጧት ድምፁ የሥራ ቀን መሆኑን ነገራት። ከቤቷ ወጥታ ወደ መጋዘኑ በስተግራ መታጠፍ ሲገባት ወደ ቀኝ ታጠፈች። የሹራቧን እጅጌ እስከ ክርኗ ሰብስባ እጇን ደረቷ ላይ እንደያዘች አውቶቡስ ውስጥ ገባች። የበሰቃ ሐይቅ አሮጌውን መንገድ ከዋጠው ቆይቷል፤ አዲሱ መንገድ ጥቁሩን ድንጋይ ዞሮ ስለሚሄድ ጉዞው ረጅም ነው። መንገዱን ሁሉ ድምፁ አልተዋትም። «እጄ። አሁን ወደ አባቴ እየሄድኩ ነው። ወንበር። ሐይቅ። እጄ። አሁን ወደ አባቴ እየሄድኩ ነው።» ጮክ ብላ ነበር የምትለው። የሰማት ሁሉ የራሱን ሦስት ነገሮች እየጠራ ተጓዘ።

አቶ ደገፉ በረንዳ ላይ፣ ነፋስ እንዲያገኛቸው የወጣላቸው አልጋ ላይ ተጋድመው ነበር። ሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። ትከሻቸው አልቋል፤ እግሮቻቸው ግን እንደ ግንድ አብጠዋል። ስታያቸው ከአልጋው ሥር ተንበርክካ ጉልበታቸውን ሳመች።

«መጣሽ» አሉ። «ከሳሽ እኮ።»

«አባዬ።»

«እልፍነሽ፣ የት ነሽ?»

«እዚህ ነኝ» አለች ለድምፁ። «አባዬ። አልጋ። እጅ።» ድምፁ ዝም አለ። አባቷ ፊት ለፊቷ ነበሩ፤ ስማቸውን ብትጠራ ከአልጋው እኩል ይቆጠርላታል። ይህን ስታውቅ ደጋግማ ጠራቻቸው። አባዬ፣ አባዬ፣ አባዬ።

ሽማግሌው ሳቁ፤ ሳቁ ወደ ሳል ተቀየረ። «ታስታውሺያለሽ፣ እናትሽ...» ብለው ጀመሩ። የልጃቸው ዓይን ከፊታቸው ላይ ተነስቶ ወደ በረንዳው ብረት ሲሄድ አዩ። ቆሙ። ሌላ ነገር ጀመሩ፤ እንደገና ቆሙ። ሦስተኛ ጊዜ አልጀመሩም። «እሺ፣ ይኼን ውሃ ስጪኝ» አሉ።

ውሃውን ለማንሳት ስትዞር ነው በአልጋው ራስጌ የተንጠለጠለውን ካርድ ያነበበችው። ስም፣ ደገፉ ወልደየስ። የገቡበት ምክንያት፣ በልጅ የሸክም ዝርዝር፣ መስመር ሰባት።

ብርጭቆው ከእጇ ወደቀ።

«እኔ ነኝ?» አለች። «እኔ ነኝ የጻፍኩህ?»

«እኔ ነኝ ጻፊኝ ያልኩሽ» አሉ አቶ ደገፉ። «የዚያን ቀን አጠገብሽ ተቀምጬ ነበር። ስለ እኔ ስትጨነቂ ልትሞቺብኝ ነው። ‹እኔንም ጨምሪኝ፣ ለእነሱ ስጪኝ፣ አንቺ ዳኚ› አልኩሽ። እምቢ አልሽ። ለመንኩሽ። በእኔ ግድ ነው የጻፍሽው።»

ልታስታውስ ሞከረች። ወረቀቱ ታያት፤ የራሷ እጅ ታያት። «የት ነሽ?» አለ ድምፁ። ብርጭቆውን፣ ውሃውን፣ ካርዱን ጠራች። ዓይኗን ጨፍና እንደገና ሞከረች። ጠራት። አምስት ጊዜ ሞክራ አምስት ጊዜ ተመለሰች።

«ልደርስበት አልቻልኩም አባዬ። ልደርስ ስል ይመልሰኛል።»

«ተዪው። እኔ አስታውሳለሁ፣ ይበቃል።»

አልበቃትም። ካርዱን ከራስጌው ነቅላ በግራ እጇ ያዘች፤ ጽሑፉና ካርዱ ጎን ለጎን ሆኑ። ሁለቱን እያነበበች ግቢው ውስጥ ወዳለው የጽሕፈት ቤቱ ክፍል ሄደች።

ጠረጴዛው ጋ የተቀመጠችው ሠራተኛ ወጣትና ትሑት ነበረች። ማስወጣት መብት መሆኑን፣ ማስጠንቀቂያ ማንበብ ግን ግዴታዋ መሆኑን ተናገረችና አነበበች። «ያስረከቧቸው መስመሮች በሙሉ በአንድ ጊዜ ይመለሱልዎታል። ሦስት ዓመት ያልተሰማዎት ይሰማዎታል። ካስወጡት ሰዎች ግማሽ ያህሉ በሳምንቱ ተመልሰው ያስተክላሉ። ተረድተዋል?»

«ተረድቻለሁ። አንቺ አባት አለሽ?»

ልጅቷ አፏን ከፈተች። «ጠረጴዛ» አለች። «እስክሪብቶ። እርስዎ።» ከዚያ የሚፈረምበትን ቦታ በጣቷ አሳየቻት።

መላሹን ማውጣት ጥርስ ከመንቀል አይከብድም። እልፍነሽ ጆሮዋ ሥር ፋሻ ተለጥፎላት ኮሪደሩ ላይ ወጣች። መጀመሪያ የመጣው ጸጥታ ነው። እስከ ኮሪደሩ አጋማሽ ተራመደች። ከዚያ ልቧ ከደረቷ ወጥቶ የሚሄድ መሰላት። ግድግዳውን ይዛ ተንሸራተተችና ሲሚንቶው ላይ ወደቀች። ነጩ መኪና በሐሳቧ መጣ። አባቷ ከኋላ መስኮት እጃቸውን ሲያውለበልቡ እሷ አቧራውን ስትቆጥር። ሦስት ዓመት፣ አንድ ቀን እንኳ ሳትጠይቃቸው። እሳቸው ግቢ በር ላይ ወንበር አውጥተው እሑድ እሑድ ሲጠብቋት ታዩዋት።

ቅጹን የሞላችበት ቀንም መጣ። ጥርት ብሎ መጣ፤ የጠፋ ነገር አልነበረም፣ ሳይጎበኝ ተቀምጦ የቆየ እንጂ። ወጥ ቤት ውስጥ፣ ጠረጴዛው ላይ፣ ብቻዋን ነበረች። አባቷ ሽንኩርት ሊገዙ ወጥተው ነበር፤ ዘገዩ። ጭንቀቱ አንገቷን አንቆ ሲይዛት፣ ይህን ሰው መውደድ በቃኝ፣ ውሰዱልኝ ብላ አስባ «አባዬ» ስትል ጻፈች። ሽንኩርታቸውን ይዘው ሲገቡ ወረቀቱን ገለበጠችው። ማንም ጻፊው አላላትም።

ወይዘሮ አስካለ የታጠበ አንሶላ ተሸክመው ሲያልፉ አገኟት። ከንፈሯ ሰማያዊ መስሏል፤ ጥፍሮቿ መዳፏ ውስጥ ገብተዋል።

«ልሞት ነው» አለች።

«አትሞቺም። የሚሞቱት እሳቸው ናቸው። ተነሺ።»

«አልችልም፣ እትዬ። በእግዚአብሔር መልሰው ይትከሉልኝ።»

«ነገ ይተክሉልሻል፣ ሩቅ አይደለም። ዛሬ ተነሺ።» አንሶላውን መሬት ላይ ጣሉና በብብቷ ገብተው አነሷት።

አቶ ደገፉ ፋሻውን አዩ። «አወጣሽው?»

«አወጣሁት። ያመኛል አባዬ። ሁሉ ነገር ያመኛል።»

«አውቃለሁ።» ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። «አስታወስሽ?»

ሽማግሌው ይህን ሲጠይቁ ፈርተው ነበር። እልፍነሽ በሕይወቷ አባቷ ሲፈሩ አይታ አታውቅም። እጃቸውን በሁለት እጇ ያዘች።

«አስታወስኩ» አለች። «አንተ ነህ ጻፊኝ ያልከኝ። ወጥ ቤት ውስጥ፣ አጠገቤ ተቀምጠህ። እኔ እምቢ ብዬህ ነበር።»

«አየሽ» አሉ አቶ ደገፉ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ሽንኩርት ልትገዛ ወጥተህ ነበር እንዳትዪኝ ብቻ ፈርቼ ነበር።»

«የት ወጣህ፣ አልወጣህም» አለች። ከዚያ ወዲያ ስለዚያ ቀን አልተነጋገሩም።

ሦስት ቀን ኖሩ። እልፍነሽ በረንዳው ላይ ፍራሽ አንጥፋ አጠገባቸው ሰነበተች። ጧት ጧት ያ የጥንቱ ክብደት ተመልሶ ደረቷ ላይ ይቀመጣል። የበላችውን ታስመልሳለች። ውሃውን አንሶላው ላይ እያፈሰሰች ታጠጣቸዋለች። እንዲያ ሆና ሰማቻቸው። እናቷን እንዴት እንዳገኟት፣ ትራክተሩ ቦይ ውስጥ የገባ ቀን ምን እንዳሏት፣ መቃብሯ በመካነ መቃብሩ ካለው ዋርካ በስተየት እንደሆነ ነገሯት። እየሰማች አለቀሰች፤ አንዴም ሳቀች። መቀመጥ ሲያቅታት አባቷ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያዝዟታል፦ «ከአልጋዬ እስከ በሩ ሂጂ። እሺ። አሁን ተመለሽ። በቃ፣ ይኼው ነው፤ ሌላ አትፈልጊ።» ሄዳ ትመለሳለች። ጭንቀቱ አይለቃትም፤ እግሯ ግን ይሄዳል።

ሐሙስ ቀትር ላይ ሊናገሩ የጀመሩትን ቃል ሳይጨርሱ አረፉ።

የመጦሪያው ሠራተኞች ሥርዓቱን በደንብ ያውቁታል። አጠቡ፣ ገነዙ፣ ተሸከሙ። መቃብሩ ዳር ስምንት ሰው ቆሞ ነበር፤ ስድስቱ «አፈር። አካፋ። ደመና» ይሉ ነበር፣ ቀስ ብለው። ድምፅ አውጥተው ያለቀሱት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ እልፍነሽና ልብስ አጣቢዋ። ጠረጴዛ ጋ የምትቀመጠው ወጣት መጥታ መላሹ ያለበትን ትንሽ ሣጥን ዘረጋችላት። «መልሰው ማስተከል ከፈለጉ አሁን ይቻላል» አለች። እልፍነሽ ሣጥኑን ለረጅም ጊዜ አየችው። ፈለገችው፤ ተጠምታ ውሃ እንደምታይ ሰው ፈለገችው። ራሷን ነቀነቀችና እጆቿን ከኋላዋ አያያዘች።

ወይዘሮ አስካለ መንገድ ዳር አድርሰዋት ወደ ሥራቸው ተመለሱ። የመጀመሪያው አውቶቡስ መጣ። እግሯን ማንሳት አቃታት፤ ሄደ። ሁለተኛውም መጥቶ ሄደ። ሦስተኛው ሲቆም ሹፌሩ አጎንብሶ «ትሄጃለሽ?» አላት።

«አላውቅም» አለች። እያለቀሰች ነበር።

ሹፌሩ በሩን አልዘጋም። ብረቱን ያዘች። አንድ እግሯን አነሳች፤ ቆየችና ሌላውን አስከተለች። ከአንዲት ጎልማሳ ሴት አጠገብ ተቀመጠች። አውቶቡሱ ተንቀሳቀሰ።

«አባቴ ሞተ» አለቻት።

ሴትዮዋ ዞር ብላ አየቻት። አንድ ነገር ልትል ከንፈሯ ተላቀቀ። ከዚያ ጆሮዋን ነካ አድርጋ «መስኮት» አለች። «ድንጋይ። መንገድ።» ፊቷንም ወደ መስኮቱ መለሰች።

«አባቴ ሞተ» አለች እልፍነሽ እንደገና። «ዛሬ ቀበርኩት።»

ሴትዮዋ መስኮቱን፣ ድንጋዩን፣ መንገዱን ጠራች። እልፍነሽ ነገረቻት፤ ትንሽ ቆይታ ደግማ ነገረቻት። ስሙ ደገፉ እንደሆነ፣ ትራክተር ይነዳ እንደነበር፣ ፀጉሯን ያጥብላት እንደነበር። ሐይቁን ዞሩ። ጥቁሩን ድንጋይ አለፉ። ሴትዮዋ ጣቶቿን ጭኗ ላይ አጥብቃ አቆላልፋ ነበር፤ ድምፁ ሲደጋገምባት ግንባሯ ላይ ላብ ወጣ። ሦስት ነገር ግን መጥራት አቁማ ነበር።

ወለንጪቲ ሲደርሱ፣ ፊቷን ከመስኮቱ ሳትመልስ፣

«ስንት ዓመታቸው ነበር?» አለቻት።